ከመግለጫው ግርጌ

እናቴ የመሪያችንን መግለጫ የምትሰማው ዐይኗን ጨፍና ነው። የዐስር ሶላቷን ሰግዳ ትጨርስና በረንዳው ላይ ከተነጠፈው የበሬ ቆዳ ጀንዲ ላይ ጋደም ትላለች። መቁጠሪያዋን ደረቷ ላይ ታሳርፍና «በይ እስቲ፣ ዛሬስ ምን አለ?» ትለኛለች። እኔም የስፌት መኪናዬን ፔዳል አቆምና ስልኬን አነሣለሁ። በዚያ ሰዓት ከሚሴ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነች። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሣል። ከቦርከና ወንዝ በኩል የሚመጣው ነፋስ የማንጎውን ቅጠል ነካ ያደርግና መልሶ ይተወዋል፤ ባጃጆቹ እንኳ ከሌላ ከተማ የሚጮኹ ይመስላሉ። የአገር መሪ ከየትኛው አገር መሪ ጋር እንደተገናኘ፣ ማንን እንደሾመ፣ የትኛውን ቀን እንዳሰበ፣ ይህን ሁሉ እኛ ቤት የምንሰማው በእንቅልፍና በንቃት መካከል ነው።

ሰው ቢያየን ፖለቲከኞች እንመስለዋለን። እናቴ ፖለቲካ አታውቅም፤ እኔም ባላውቅ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ታናሽ እኅቴ ለቤት ሠራተኝነት ዐረብ አገር ከሄደች ዓመታት አልፈዋል። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር፣ ቀጥሎ በበዓል በበዓል ብቻ ሆነ፣ ከዚያ ስልኳ ጭራሽ ተዘጋ። ያለችበት አገር ስም እኛ ቤት አይጠራም፤ እናቴ «ያ አገር» ነው የምትለው። መሪው ስለ ውጭ ጉዳይ በተናገረ ቁጥር ጆሮዋን የምትጥለው ያ አገር ይነሣ እንደሆነ ነው። አገሩ ከተነሣ ልጇም ትነሣለች፤ የእሷ ስሌት ይኸው ነው። ልጅቷ በሕይወት ትኑር አትኑር የሚነግረን ሰው አልነበረም።

የመግለጫ አማርኛ ከረባት ያሰረ አማርኛ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቃሉን አነበዋለሁ፣ ነገሩ ግን አንዳንዴ ለእኔም አይገባኝም። ለእናቴ ደግሞ እያፍታታሁ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ማቀበል አለብኝ። ለምሳሌ ሁለት መሪዎች ተገናኝተው «ፍሬያማ ውይይት» አደረጉ ይላል። እናቴ ዐይኗን ሳትገልጥ ትጠይቃለች።

«ፍሬው ምንድን ነው?»

«እንዲህ ነው የሚባለው እማ። ንግግሩን ነው ፍሬያማ ያለው።»

«ታዲያ ፍሬውን ማን በላው?»

መርፌዬ ላይ ክር መክተት እጀምራለሁ።

ሹመት ሲሆን ደግሞ ሌላ ናት። ሚኒስትር ይሁን ኮሚሽነር፣ የሰማችው ስም ሁሉ ላይ «ሹመት ያዳብር» ትላለች፤ ልጁ የተሾመለት ጎረቤት ቤት እንደገባ ሰው ዓይነት። እኔ አንዳንዴ ምላሴ ይቀድመኝና «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እላለሁ። እናቴም «ተይ! ሰው በሹመቱ ቀን አይታማም፤ ማግሥቱን እሚው» ብላ ትቆጣኛለች። አንድ ቀን እንዲሁ እየተንተባተብኩ የአምባሳደሮች ሹመት ሳነብ ወደ ያ አገር የሚሄደው ተጠራ። እናቴ ከጀንዲው ላይ ብድግ አለች።

«መልኩን አሳይኝ።»

አሳየኋት። ስልኩን እንደ መስተዋት ከፊቷ አራቀችና ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ መልሳ ሰጠችኝ።

«እኅት ያለው ሰው ነው» አለች።

«በምን ዐወቅሽ?»

«አየዋለሁ እኮ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው በእናቴ ዱዓ ውስጥ ገባ። ለሞቱት፣ ለዝናብ፣ ለታመሙ ለምና ስታበቃ፣ ከዐረብኛው መሐል «አምባሳደሩን» የምትል አንዲት ቃል ስታልፍ እሰማለሁ። መጀመሪያ ሳቄ ይመጣ ነበር። ኋላ አንድ ቀን ረስታው ያለፈች ሲመስለኝ እኔው አስታወስኳት።

የመታሰቢያ ቀን መግለጫ ሲወጣ፣ ደስታም ይሁን ሐዘን፣ እናቴ መልስ ሳትሰጥ አታልፍም። ለመውሊድ ብቻ አይደለም፤ ለገናም ለጥምቀትም መሪው እንኳን አደረሳችሁ ካለ እሷ ጀንዲው ላይ ሆና «እንኳን አብሮ አደረሰን» ትለዋለች። የአያቴ ወንድሞች ግማሾቹ ክርስቲያን ነበሩ፤ ወሎ ውስጥ እንኳን አደረሰህ ተብሎ ዝም የሚል ሰው አላደገም። ያለፉ ሰዎች በየዓመቱ የሚታሰቡበት ቀን ሲመጣ ደግሞ ከሞቱ ስንት ዘመን እንደሆናቸው ትጠይቀኛለች። ብዙ ዘመን ነው እላታለሁ።

«አላህ ጀነት ያግባቸው» ትላለች። «የሞተም ሲያስታውሱት ይቀለዋል። ያለ ሰውስ?»

ይህን ስትል ማንን እያሰበች እንደሆነ ዐውቃለሁ። ፔዳሌን እረግጣለሁ።

ነገሩን ሁሉ የለወጠው ግን አንድ ቃል ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚሰፋበት ወራት ነበርና እጄ አልፈታ አለኝ። እናቴን ከምነፍጋት ብዬ የመሪውን ንግግር በኦሮምኛ የሚያስተላልፈውን ሬዲዮ ከፈትኩላት። በውጭ አገር ስለሚኖሩ ሰዎቻችን ነበር የሚናገረው። እኔ ኮሌታ እየገጠምኩ ነበር። በድንገት እጇ ቀሚሴን ያዘኝ።

«ሰማሽ? ለሚ ኬኛ አለ!»

«ዜጎቻችን ማለቱ ነው እማ። በአማርኛው ዜጎቻችን ነው የሚለው። ትናንት እኮ አንብቤልሻለሁ።»

«ትናንት ያነበብሽውን አልሰማሁትም። ለሚ ነው ያለው። ዘመዶቻችን አለን እኮ ልጄ!»

እዚህ ላይ ልክ ናትም አይደለችምም። እናቴ በምታውቀው ኦሮምኛ፣ ከእናቷ በወረሰችው፣ ለሚ ማለት ወገን፣ የሥጋ ዘመድ ማለት ነው። በሬዲዮው ኦሮምኛ ደግሞ ያው ቃል ዜጋ ሆኗል። ይህን ላስረዳት ሞከርኩ።

«እሺ፣ ዜጋ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ዜጋ ማለት... መታወቂያ ያለው፣ ግብር የሚከፍል፣ ያገር ሰው...»

«ያገር ሰው ዘመድ አይደለም?»

«አይደለም። ማለት... ነው። እማ፣ አታድክሚኝ!»

ፔዳሉን ረገጥኩት። ክሩ ተበጠሰ። እናቴ ተመልሳ ጋደም አለች፤ ፊቷ ላይ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ያየሁት ፈገግታ ነበረ። «ዘመድ ካለማ» አለች ለራሷ፣ «ዘመድማ ሲናገር ይመለስለታል።»

መውሊድ በደረሰ ጊዜ መሪው እንደ ልማዱ በኢንተርኔት ገጹ ላይ የመልካም ምኞት መግለጫ አወጣ። አነበብኩላት። እንደ ወትሮው በአፏ ብቻ መልሳ የምታልፍ መስሎኝ ነበር። «ጻፊለት» አለችኝ። ከሥሩ መጻፍ እንደሚቻል፣ ነገር ግን ያገሩ ሕዝብ ሁሉ እንደሚያየው ነገርኳት።

«ትልቅ ሰው ፊት ሰው ቢኖር ምን አለበት?» አለች። ተነሥታ ተቀመጠች፣ ሻሿን አጥብቃ አሰረች፣ ነጠላዋን ከውስጥ አምጪልኝ አለችና ተከናነበች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ ቃሏን ሰጠችኝ። አንዲት ፊደል ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው ነው፤

«አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። እንኳን ለመውሊድ በሰላም አደረሰህ፣ አንተንም ቤተሰብህንም። ልጆች ደኅና ናቸው ወይ? እኛ ዘንድ ዝናቡ ደኅና ነው፣ የጨፋ ማሽላ ዛላ ይዟል፣ አልሐምዱሊላህ። ዘመዶቻችን ያልከውን ሰምቻለሁ፤ አላህ ያክብርህ። ያ አገር አንዲት ልጅ አለችኝ። ስሟን በአደባባይ አልጠራም፣ ዐይን አለ። ጠይም ናት፣ ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ ትሸፍናለች፣ ብትነካውም ባትነካውም ያገኘችውን ሁሉ አፉ በለኝ ትላለች። ያየ ሰው ካለ፣ አለች ወይስ የለችም ይበለኝ። የከሚሴ እናት ነኝ።»

አፉ በለኝ በእኛ አገር ይቅርታ ማለት ነው። እኅቴ እውነትም ይህ ቃል ከአፏ አይለይም ነበር፤ ላም ገፍታ ስታልፍ እንኳ አፉ በይኝ የምትል ልጅ ነበረች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ? እኔ ደግሞ ረግጠውኝ እንኳ ይቅርታ ካልጠየቁኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ዝናቡንና ማሽላውን ላስቀራቸው ብዬ ነበር። «ዝናብ ያልተጠየቀበት ሰላምታ ምን ዓይነት ሰላምታ ነው?» ብላ ከለከለችኝ። ሁሉንም ጽፌ ላክሁት። ከስንት ሺህ ሰው ጽሑፍ መሐል እንደ አንዲት ፍሬ ማሽላ ወድቃ ስትጠፋ አየኋት፤ አንድ ሰው ያነባታል ብዬም አላሰብኩም።

ተነበበች። መጀመሪያ የመጡት ሳቂዎቹ ነበሩ። ቀጥሎ ተሳዳቢዎቹ መጡ፤ ገሚሱ መሪውን ስላመሰገንን፣ ገሚሱ አስቸገራችሁት ብሎ ሰደበን። አንዱ ከርዕሱ የወጣ ነው አለ። አንዱ ቦታ የሚሸጥ እንዳለው ነገረን። እኔ ለስድቡ ልመልስ አውራ ጣቴ እየበላኝ ሳለ አንዲት ሴት ብቅ አለች። «የኔም እዚያው ናት። ባቲ ነኝ» ትላለች። «ቀይ፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ግንባሯ ላይ የእሳት ጠባሳ ያለባት፣ ስትፈራ የምታፏጭ። ያየ ካለ ይንገረኝ።» ከእሷ ሥር ከጨፋ ሮቢት አንዲት፣ ከዚያ ስሙን ከማላውቀው ቀበሌ አንድ አባት፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አንዳቸውም ስም አልጠሩም፤ እናቴ የጀመረችውን ይዘው ሁሉም ምልክት ብቻ ነበር የሚናገሩት። ግራኝ ናት። ጥርሷ ፍንጭት ነው። ሲስቅ ያስነጥሰዋል።

ድሮ ሰው ጉዳይ ሲኖረው ከመኳንንቱ በር ላይ ውሎ ማደር ነበረበት፤ ደጅ መጥናት ይባል ነበር። የእናቴን ነገር ሳየው ደጁ ወደ ስልክ ገብቶ እንጂ ልማዱ እንዳልቀረ ገባኝና ተናደድኩ።

«እማ፣ እሱ እኮ አያነበውም። ስንት ሺህ ሰው እየጻፈለት የትኛውን ያነባል?»

«እሱ ባያነበው በደጁ ያለፈ ያነበዋል» አለችኝ። በእርጋታ ነበር የተናገረችው፤ እሱ ነው ያበሸቀኝ።

እንዲህ ሆኖ ከሰዓት በኋላችን ረዘመ። መጀመሪያ መግለጫው ይነበባል፣ ከዚያ ከግርጌው ያሉት እናቶች ይነበባሉ። መሪው ከአንድ የሩቅ አገር እንግዳ ጋር ስለ ንግድ ተነጋገረ ይላል ከላይ፤ ከታች የጨፋ ሮቢቷ እናት ዛሬ ልጇን በሕልሟ እንዳየቻት ትናገራለች። የባቲዋ ሴት ከሁሉም ይበልጥ ለእናቴ ቀረበቻት። በእኔ ጣት እየተላላኩ ስለ ገበያቸው፣ ከአፋር በኩል ስለሚመጡት ፍየሎች፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ያወራሉ። ተያይተው አያውቁም። እናቴ ግን «የባቲዋ ዛሬ ድምጿ ደከም ብሏል» ትለኛለች። ድምፅ የሌለው ጽሑፍ እኮ ነው!

መሪው ወደ ያ አገር ሊጓዝ እንደሆነ ሰማን። ይህንማ ሳይዘገይ መጻፍ ነው ብዬ ስልኬን ደቀንኩ። ነገር ግን በዚያው ቀን ጠዋት መሪው ሌላ መግለጫ አውጥቶ ነበር፤ በአንድ የውጭ አገር ብዙ ሰው በአደጋ ሞቶ ሐዘኑን የገለጸበት ነው። እሱን ቀድሜ አንብቤላታለሁ፤ ያነበብኩበትን አፌን ረገምኩት።

«አይጻፍም» አለች እናቴ።

«ለምን?»

«ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ጉዳይ አይነገረውም። ሐዘኑ ይለፍለት።»

እናቴ የቅሬ ሰው ናት። ቅሬ እኛ ጋ ቀባሪም አስተዛዛኝም የሆነው የመንደሩ ማኅበር ነው፤ ሕጉን ሰበርሽ ከምትባል ጣቷ ቢቆረጥ ትመርጣለች። የሞቱት ሰዎች የመሪው ዘመዶች እንዳልሆኑ፣ አገሩንም በካርታ እንኳ እንደማናገኘው ነገርኳት። «ሐዘን ደረሰኝ አላለም? ካለማ ደርሶታል» አለች። ጮኽኩባት። እሷ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። ወደ ስፌቴ ተመልሼ እጅጌ በግልባጭ ሰፋሁና ስፈታው ዋልኩ።

በዚያው ከሰዓት እናቴ ጀንዲው ላይ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ዞሮ ነበር። ሕልሟን ነገረችኝ። መሪው ያለ ጠባቂ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ቦርከናን ተሻግሮ መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። የለቅሶው ቤት የት እንደሆነ ጠየቃት። ውሃ ሰጠችው፣ ጠጣ። ከዚያ ልጇን ጠየቀችው።

«ምን አለሽ?»

«እኔም አንቺን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ አለኝ።»

ሕልም ፈቺ አይደለሁም፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት ከቦርከና ማዶ የሚመጣ ሰው ያለ ይመስል ሁለታችንም ወደ መንገዱ አየን። አንድ ሰው ሁለት በሬ እየነዳ አለፈ።

ጉዞው ተደረገ፣ መግለጫውም ወጣ። ስለ ኢንቨስትመንት፣ ስለ ወደብ፣ ስለ ቀጣናው ሰላም ይናገርና ወደ መጨረሻው ስለ ዜጎች ክብርና ስለ መመለሳቸው አንዲት ዐረፍተ ነገር አለችበት። ያችን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። «አነሣት» አለች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች፤ እኔም ስፌቴን አቆምኩ።

የጨፋ ማሽላ ሲቆረጥ ነው መልሱ የመጣው። መግለጫ እንኳ አልነበረም በዚያ ቀን። በዚያች በመውሊድ ቃሏ ሥር፣ ሁሉም ረስቶ ካለፋት በኋላ፣ ፎቶ የሌለው ሰው በላቲን ፊደል አንዲት የኦሮምኛ ቃል ጥሏል፤ ጂርቲ። አለች ማለት ነው። በሕይወት አለች።

ለእናቴ ወዲያው አልነገርኳት። ሰው ጨካኝ ነው፤ በእናት የሚቀልድ ይኖራል። ጓሮ ገብቼ «ማን ልበል? በምን ታወቀ?» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ መጣ። የጻፈችው ልጅ ከእኛው አካባቢ ናት፤ እዚያ አገር ወረቀት የሌላቸው ሰዎች እስኪመለሱ የሚቆዩበት ግቢ ውስጥ ከርማ በቅርቡ አገር ቤት ገብታለች። እዚያ አንዲት የከሚሴ ልጅ ነበረች፤ አሠሪዎቿ ስልኳን ቀምተዋት ቆይታ ከቤታቸው ጠፍታ የወጣች። ዘበኛው እግሯን ሲረግጣት አፉ በለኝ ያለችው እሷ ናት።

እዚያው ጓሮ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፤ ዕንባዬ እየወረደ ሳቅሁ። ከዚያ ገብቼ ለእናቴ ቃሏን በኦሮምኛ፣ እንደተጻፈችው፣ ነገርኳት። አልጮኸችም። ከጀንዲው ወርዳ መሬቱ ላይ ግንባሯን ደፋች፤ እዚያው ቆየች። እስክትነሣ ፈራሁ።

እኅቴ የመጣችው ተመላሾች በየተራ መግባት በጀመሩ ጊዜ ነው። መሪው ስለ እነሱም መግለጫ አውጥቶ ነበር፣ እኛ ግን ያን ቀን አላነበብነውም። ከሚኒባሱ ስትወርድ ጥቁር ዐባያ ለብሳ አንዲት ፌስታል ይዛለች። ቀጭን ሆናለች፤ ጉንጮቿ የት ሄዱ? እናቴ እጇን ጣት በጣት ነካካች፣ ፀጉሯን ከሻሿ ሥር ዳበሰች። እኔ ምላሴ አያርፍምና «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» አልኩ። እኅቴ ከሁለታችን አንገት ላይ ሳትላቀቅ «አፉ በሉኝ» አለች፤ ስለ ዝምታዋ። እግዜርና ሰው ያውቃል፣ ያን ቃል እንደዚያ ቀን ጠልቼውም ወድጄውም አላውቅም።

ከዚያ ተኛች። በልታ ትተኛለች፣ ሰግዳ ትተኛለች። እናቴ ጀንዲውን አካፍላት ሁለቱ ጎን ለጎን ይጋደማሉ፤ እኔ በስፌት መኪናዬ ድምፅ አስተኛቸዋለሁ። ቤታችን እንደዚያን ሰሞን ጸጥ ብሎ አያውቅም። እንደዚያን ሰሞንም ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አንድ ቀን ከዐስር በኋላ እናቴ እንደ ድሮዋ ዐይኗን ጨፍና «በይ እስቲ፣ ዛሬስ ምን አለ?» አለችኝ።

«ልጅሽ መጣች እኮ እማ! አሁንስ መሪውን እናሳርፈው።»

«እኔማ መጣችልኝ» አለች። «የባቲዋስ?»

አነበብኩ። አዲስ ሹመት ነበር፤ እናቴ ሹመት ያዳብር አለች። ከዚያ ወደ እናቶቹ ልወርድ ስል እኅቴ በክንዷ ተደግፋ ተነሣችና ስለ እሷ የተጻፈውን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ስልኩን ሰጠኋት። የእናቷን ቃል እያነበበች፣ ዝናቡንና ማሽላውን እያለፈች፣ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ሳቀች። ድምፅ ያለው ሳቅ ከመጣች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ጣቷ ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ሌሎቹ እናቶች። ከዚያ ቆመ።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ስትፈራ የምታፏጭ» ብላ አነበበች፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሷ።

እናቴ ዐይኗን ገለጠች።

እኅቴ ስልኩን በግልባጩ ጀንዲው ላይ አስቀመጠችው። አንድ ክፍል ውስጥ እንደነበሩ ቀስ ብላ ነገረችን። ልጅቷ ትኩሳት ይዟት ነበር፤ ሐኪም አልመጣም። ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ታፏጭ ነበር፣ ሌሎቹም ሲሰለቻቸው ዝም በይ ይሏት ነበር። «አንድ ቀን ዝም አለች» አለች እኅቴ።

መኪና በአስፋልቱ ላይ አለፈ። የማንጎው ቅጠል ነካ ተደርጎ ተተወ። ሰው ሲጨንቀው እጁ የለመደውን ይሠራል፤ ስልኩን አነሣሁ።

«ለባቲዋ ልጻፍላት?» አልኩ።

እናቴ እጄን መታችኝ። ከልጅነቴ ወዲህ መትታኝ አታውቅም።

«መርዶ በስልክ ይነገራል? ሰው አይደለሽም?» አለች። ከዚያ ድምጿን አውርዳ የሚደረገውን ነገረችን። ከቅሬው ሁለት ሽማግሌ ይለመናል። ነገ በኮምቦልቻ አድርገን ባቲ ገብተን ዘመድ ቤት እናድራለን፤ የንጋቱ ሱብሒ ተሰግዶ፣ ሴትየዋ ወደ ገበያዋ ሳትወጣ፣ ቤቷ እንደርሳለን። የባቲዋ የጉልበት ሕመም እንዳለባት አስታወሰችና ተቀምጣ እንድትሰማ አለች።

«እኔ ልንገራት» አለች እኅቴ። «አጠገቧ የነበርኩ እኔ ነኝ።»

እናቴ አየቻት፤ ቀጭን ፊቷን፣ ሌላ ልብስ እስክሰፋላት ድረስ ከላይዋ ያልወረደውን ያን ጥቁር ዐባያ።

«ትነግሪያታለሽ» አለቻት። «ግን ከሁላችን ኋላ ነው የምትገቢ። አንቺን በር ላይ ካየች፣ ልጇ የመጣች ይመስላታል።»